ያልታሰረው ቀልደኛ

ዘይኑዲን አደም ሰው ማሳቅ የጀመረው ሐረር፣ የቁስለኞች ድንኳን ውስጥ ተኝቶ ነው። ከዚያ በፊት ቆቦ ላይ የሚያውቀው ሁሉ ዝምተኛ ይለው ነበር። በ1969 የሚሊሺያ ጥሪ ሲመጣ ገና የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነው፤ ለማሽላ ያለሰለሰውን ማሳ ሳይዘራ ትቶት ሄደ። ታጠቅ ጦር ሰፈር ሦስት ወር ሠልጥኖ ኦጋዴን ወረደ። አንድ ረፋድ ላይ ከጅጅጋ ወዲያ የወደቀ ሞርታር፣ ከታጠቅ ጀምሮ በአንድ ኮዳ አብሮት የሚጠጣውን የጎብዬውን ልጅ ሙሀመድሰይድን አጠገቡ ገደለው። ከዘይኑዲን ደግሞ የግራ እጁን ሁለት ጣት ወሰደ፣ የግራ ጆሮውንም ድፍን አደረገው።

ድንኳኑ ውስጥ ከማቃሰት በቀር ሌላ ሥራ አልነበረም። አንድ ቀን ዘይኑዲን፣ ለምን እንደሆነ ለራሱም ሳይገባው፣ የኩባዊውን አሠልጣኝና የአስተርጓሚውን ነገር አነሳ።

"ኩባዊው እጁን እያወናጨፈ ሩብ ሰዓት ያወራል። አስተርጓሚው ወደኛ ዞሮ 'ተኙ ነው የሚለው' ይለናል። እንተኛለን። ከዚያ ኩባዊው አንዲት ቃል ይተነፍሳል፤ አስተርጓሚው እሷን ሩብ ሰዓት ያብራራል። እኛ እሳት በሚተፋ አሸዋ ላይ እንደተኛን ነን!"

ድምፁን፣ የእጁን አነሳስ፣ የኩባዊውን ጉርምርምታ ሳይቀር አልጋው ላይ ሆኖ አሳየ። ሆዱን የተሰፋ አንድ የመንዝ ሰው "ተው አንተ ሰውዬ፣ ጠላት የማረኝን አንተ ልትገድለኝ ነው!" እያለ ስፌቱን በሁለት እጁ ደግፎ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ከአልጋ አልጋ እየጠሩ ያስወሩት ጀመር።

በ1971 ቆቦ ሲመለስ የአስር አለቃነት ማዕረግ ነበረው፤ ቀበሌው የእህል መጋዘን ጠባቂ አድርጎ ቀጠረው። የልብስ ሰፊውን የታሂርን እህት ኡሙሃኒን አገባ። ጨዋታውን የሚያውቁት እሷና ታሂር ብቻ ነበሩ።

በሁለተኛው ዓመት የአብዮት በዓል ዕለት ከወልድያ ይመጣል የተባለው የኪነት ቡድን መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቀረ። የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሏል፤ ቆርቆሮው በሙቀት ይንጣጣል፤ ሰው ማጉረምረም ጀምሯል። የቀበሌው ሊቀመንበር በር ላይ የቆመውን ዘይኑዲንን አየና "አስር አለቃ፣ እስቲ ስለ ግንባሩ አንድ ነገር ተናገርና ሰዉን ያዝልን" አለው። ዘይኑዲን ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ መድረክ ወጣ። ኩባዊውንና አስተርጓሚውን አመጣላቸው። ለአምስት ደቂቃ የወጣ ሰው አንድ ሰዓት ቆየ። ከዚያ በኋላ እሱ የሌለበት በዓል በዓል አልሆነም፤ "ቀልደኛው አስር አለቃ" ተባለ።

በግራ በኩል የሚቀመጠው ሰው ሳቅ ግን አይሰማውም ነበር። ስለዚህ ያን ወገን በዓይኑ ነበር የሚከታተለው፤ ቀልዱን በጣለ ቁጥር አንገቱን አዙሮ የአንዱን ፊት፣ የሌላውን ፊት ያያል። ደፋር ሳቂ የቱ ነው፣ አፉን በነጠላው የሸፈነ የቱ ነው፣ ገና ያልገባው የቱ ነው እያለ ይመለከታል። ሰው ግን ይህን አያውቅለትም። "ምን ብሎ ነው እንዲህ ፊት ፊታችንን የሚያየን?" ማለት የተጀመረው ያኔ ነው።

ነገሩ የከረረው በስኳሩ ቀልድ ነው። ከኅብረት ሱቁ ስኳር ከጠፋ ሦስት ወር ሆኖት ነበር። ዘይኑዲን በሜይ ዴይ በዓል መድረክ ላይ ቆሞ እንዲህ አለ፦ "ቀበሌያችን አድልዎ አያውቅም። ስኳር የለም ካለ ለሁሉም የለም። ይሄ ያልገባው ጉንዳን ብቻ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ስመለከተው ከሊቀመንበራችን ጓዳ በር ላይ ወረፋ ይዞ ነው የማገኘው።"

አዳራሹ ፈነዳ፤ ወዲያው ደግሞ ውሃ እንደ ደፉበት እሳት ጸጥ አለ። ሰው ሁሉ ሊቀመንበሩን አየ። ሊቀመንበሩ ጥቂት ቆየና አጨበጨበ። በዚያች ሳምንት ኡሙሃኒ ብርድ ልብስና ቅያሪ ሸሚዝ በፌስታል አዘጋጅታ በሩ አጠገብ አስቀመጠች። አንድ ቀን አለፈ፣ ሦስት ቀን አለፈ፤ ሊወስደው የመጣ አልነበረም። በዚያው ወር ሱቁ በር ላይ "ስኳሩን ማን በላው?" ያለች አንዲት ባልቴት ሁለት ቀን ቀበሌ ታስራ ወጣች።

ሰው ሁለቱን አስተያየ።

ከዚያ በኋላ ዘይኑዲን ሻይ ቤት ሲገባ ወሬ ይቆም ጀመር። የሻይ ቤቱ ባለቤት ድምፁን ከፍ አድርጎ "አስር አለቃ መጣ፣ ወንበር ልቀቁለት!" ይላል፤ ከዚያ ሁሉም ስለ ዝናብ ያወራል። ዝናብ በማይጠበቅበት በጥር ወር እንኳን ስለ ዝናብ ነው የሚወራው። መጀመሪያ ላይ "እንዳላላግጥባቸው ፈርተው ነው" ብሎ ነበር። ኡሙሃኒ የቧንቧ ወረፋ ላይ ሴቶቹ ከፊቷ ቶሎ ቶሎ እየቀዱ እንደሚሄዱባት ስትነግረው ግን በማግስቱ ወደ ታሂር ሱቅ ሄደ።

ታሂር የልብስ ስፌት መኪናውን አላቆመም። "ወንድሜ፣ ሰው ጆሮ ጠቢ ነው እያለህ ነው" አለው።

"ባንድ ጆሮ?" አለ ዘይኑዲን።

ታሂር አልሳቀም። መርፌው ጨርቁን ሲበሳ፣ ሲበሳ ቆየ። "እኔ አላልኩም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ለምንድነው የማያስሩህ?"

 ዘይኑዲን ይህን ራሱን ስንት ጊዜ ጠይቆታል። የቆሰለ ወታደር ስለሆንኩ ነው፣ ሊቀመንበሩ ቀልድ ስለሚወድ ነው ይላል፤ ሁለቱም አላሳመኑትም። እየቆየ እሱም መጠርጠር ጀመረ። ታሂር ራሱ ለምን ጠየቀኝ? አንድ ሰው ልኮት ቢሆንስ? የሻይ ቤቱ ባለቤት ስገባ ለምን ይጮኻል? የሚስቅ ሰው ሲያይ ከልቡ ነው ወይስ ስቆ ሊያስወራኝ ነው ይላል። የማይስቅ ሲያይ ደግሞ ይብስበታል።

የሰባ ሰባቱ ድርቅ መጥቶ ሲያልፍ ሁሉም በየራሱ መከራ ተጠመደና ወሬው ጋብ አለ። ከድርቁ በኋላ ግን ደሳለኝ የሚባል ካድሬ ተመድቦ መጣ። ቀጭን፣ ረጋ ያለ፣ ከሸሚዙ ኪስ ማስታወሻ ደብተር የማይለየው ሰው ነው። የመጀመሪያውን ትርኢት አየና በነጋታው ዘይኑዲንን ቢሮው አስጠራው።

"አስር አለቃ፣ ይህ ስጦታ ቆቦ ብቻ መቅረት የለበትም። ሮቢትም፣ ዋጃም፣ ጎብዬም እወስድሃለሁ" አለው።

"ጓድ፣ ምን ምን ልናገር?"

"የፈለግከውን። የፈለግከውን ተናገር አልኩህ።"

ዘይኑዲን ከቢሮው ሲወጣ ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ለአንድ ቀልደኛ ከዚህ የበለጠ ምን አለ? "የፈለግከውን" የምትለውን ቃል ግን ቤቱ እስኪደርስ እያገላበጠ ሄደ።

በኅዳር 1979 ሮቢት ሄዱ። ገበሬው ከየማሳው ተጠርቶ የገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ ውስጥ ሽመሉን በጉልበቱ መሐል አቁሞ ተቀምጧል። ደሳለኝ ከግራ በኩል፣ ከግድግዳው ጥግ ወንበር ይዟል። ዘይኑዲን ስለ ራዲዮ ማውራት ጀመረ።

"እኔ ግንባር ነበርኩ፤ ሰው አንድ ጊዜ ነው የሚሞተው። ራዲዮናችን ግን ወንበዴው ሰኞ ተደመሰሰ ይላል፣ ሐሙስ ተደመሰሰ ይላል፣ ቅዳሜ ደግሞ ጨርሶ ተደመሰሰ! እንዲያው ይሄ ወንበዴ ስንት ነፍስ ነው ያለው?"

ከመሐል አንድ ጎልማሳ ብድግ አለ። ሙላው ነው ስሙ፣ ሮቢት ዳር የሚያርስ፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ ሰው። "ትናንት በማሳዬ በኩል አልፏል! ደህና ነው፣ ሰላም በሏቸው ብሏል!" አለ።

ሽመሉ ሁሉ ከእጅ ወደቀ። ዘይኑዲን በዕድሜው ያን ያህል ሳቅ አልሰማም፤ በደፈነው ጆሮው በኩል እንኳን የሰማው መሰለው። መድረክ ላይ ሆኖ ራሱም ሳቀ፤ ሙላውን በእጁ እያመለከተ "ይሄስ ከኔ ይበልጣል!" አለ።

ሙላውን በሁለተኛው ቀን ማሽላ ሲወቃ ከአውድማው ላይ ወሰዱት።

ወሬው ቆቦ የደረሰው በአንድ ቀን ነው። "በጣቱ አመልክቶ አሳየው አሉ!" ተባለ። ዘይኑዲን ቤቱ ገብቶ መደቡ ላይ ተቀመጠ። ኡሙሃኒ ፊት ለፊቱ ቆመች። በስምንት ዓመት ትዳራቸው እንዲህ አይታው አታውቅም።

"ዘይኑ፣ ወላሂ በልልኝ" አለችው።

"አንቺም?"

"ወላሂ በልልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።"

"ወላሂ" አላት። አመነችው ወይስ አላመነችውም፣ ከፊቷ ማወቅ አልቻለም። በፊት የማያውቀውን ሰው ፊት ያነብ የነበረው ሰው የሚስቱን ማንበብ አቃተው።

በማግስቱ በራሱ እግር ደሳለኝ ቢሮ ሄደ። "ጓድ፣ ያ ገበሬ የታሰረበትን ቀልድ የጀመርኩት እኔ ነኝ። ጥፋት ካለ የኔ ነው፣ እኔን እሰሩኝ" አለ።

ደሳለኝ ፈገግ አለ፤ ወንበር አሳየው። "አንተን? አንተ እኮ ከአንድ ሻለቃ ጦር በላይ ትጠቅመናለህ። አንተ ስታወራ እኔ አንተን አላይም፣ አስር አለቃ። የሚስቀውን ነው የማየው። ስብሰባ ላይ ሰው ሁሉ እጁን ያወጣል፣ ያጨበጭባል፤ ሆዱን በምን ታውቀዋለህ? በሳቅ ግን ማንም አይዋሽም።" ማስታወሻ ደብተሩን በጣቱ መታ መታ አደረገ። "ሊቀመንበሩም ይህን ቀድሞ ነው የተረዳው። በሚቀጥለው ሳምንት ጎብዬ ነን።"

ዘይኑዲን ተነስቶ ወጣ። ለስንት ዓመት ሲጠይቀው የኖረውን መልስ አገኘ። ሰው የጠረጠረው በከንቱ አልነበረም፤ የሳተው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱ ራሱ አለማወቁን። አልሄድም ቢል? ሌላ ሰው ያመጣሉ፤ ወይም "ለምን እንቢ አልክ" ብለው ኡሙሃኒ ላይ ይደርሳሉ። ሳምንቱን ሙሉ መጋዘኑ በር ላይ ተቀምጦ አሰበና አንድ ዘዴ አገኘ። ይሄዳል፣ መድረክ ይወጣል፣ ማንንም አያስቅም።

የጎብዬው አዳራሽ በገበያተኛ ሞልቶ ጠበቀው። ደሳለኝ ጥጉን ይዞ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቷል። ዘይኑዲን እጁን ከጎኑ አጣብቆ፣ ፊቱን አኮሳትሮ፣ ከሁሉ የደረቀ የመሰለውን ነገር ጀመረ። "ጓዶች! የዘንድሮውን ምርት በተመለከተ፣ ከዚህ አኳያ፣ አንደኛ፣ ምርት ማምረት ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ያልተመረተ ምርት፣ ከምርት አንፃር ሲታይ፣ ምርት አይባልም..."

አንዲት ሴት ከኋላ ፍርፍር ብላ ሳቀች። አንድ ሽማግሌ ተከተላት። ዘይኑዲን ደንግጦ ይበልጥ ኮስተር አለ፤ "ሦስተኛ!" ብሎ ጮኸ። አዳራሹ ተደበላለቀ። ለሰዉ የመሰለው ካድሬውን እያስመሰለላቸው ነው! እሱ እንዲያቆሙ በዓይኑ ሲለምን እነሱ ያንን ልመና የጨዋታው አካል አድርገው እንባቸው እስኪፈስ ይስቃሉ። የደሳለኝ እስክሪብቶ ይሮጣል። ዘይኑዲን ላቡ በጀርባው ወረደ።

ያን ጊዜ ነው ሙሀመድሰይድ ትዝ ያለው። የዚሁ የጎብዬ ልጅ ነው።

"የሙሀመድሰይድ ዘመድ እዚህ ቤት አለ?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሙሀመድሰይድ ይማም።"

ሳቁ ሊነሳ ብሎ ቆመ። ከፊት ረድፍ አንዲት ጥቁር ሻሽ ያሰሩ ሴት "እናቱ ነኝ" አሉ። ራህመት ይባላሉ። ከመንግሥት የደረሳቸው አንዲት ወረቀት ብቻ ነበረች፤ እንዴት እንደሞተ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ዘይኑዲን መድረክ ላይ ቆሞ ነገራቸው። ጠዋት ምን እንደበላ፣ ስለ ምን ያወሩ እንደነበር፣ በኮዳው የቀረችውን ውሃ "አንተ ጠጣ" እንዳለው፣ ሞርታሩ ሲወድቅ ቃል እንኳን ሳይተነፍስ እንዳለፈ፣ በየትኛው ግራር ሥር እንደቀበሩት። ምንም አልጨመረም፣ ምንም አላሳመረም። አዳራሹ ውስጥ ትንፋሽ ጠፋ። ቀጥሎ ሴቶቹ አለቀሱ፤ ከዚያ ወንዶቹ። ልጁን ለዘመቻ የሰጠው ሁሉ የራሱን አለቀሰ። "ኢንና ሊላሂ" የሚል ድምፅ ከዚህም ከዚያም ተሰማ።

ደሳለኝ እስክሪብቶውን ጨብጦ ቀረ። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ የማንን ስም ይጽፋል?

ሲወጡ መኪናው አጠገብ ክንዱን ያዘው። "ሰዉን ለምን አስለቀስክ?"

"ጓድ፣ ለቅሶም ይመዘገባል እንዴ?" አለ ዘይኑዲን።

በዚያው ቀን ታሰረ። አርባ ሁለት ቀን ቆቦ ፖሊስ ጣቢያ ቆየ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ እግሩን ገረፉት። የመጋዘን ሥራውን ተነጠቀ፣ መድረክ እንዳይወጣም ተከለከለ። ሲፈታ እያነከሰ በዋናው መንገድ ሲሄድ ቢያንስ አሁን ሰው ያምነኛል ብሎ ነበር። ከሻይ ቤቱ በር ላይ ግን አንዱ ለሌላው "ለሽፋን ነው ያሰሩት" ሲል በደህናው ጆሮው ሰማ።

ኡሙሃኒ ያን ቀን ውሃ አሙቃ እግሩን አጠበችው። ቁስሉን ስታይ እጇ ቆመ፤ ከዚያ "አብሽር" አለችው። ከረጅም ጊዜ ወዲህ የተናገረችው የመጀመሪያ ለስላሳ ቃል ነበር። በሳምንቱ ጓዛቸውን ጠቅልለው ዋጃ ገቡ። እሷ መኪና መቆሚያው ላይ ሻይና ፓስቲ ትሸጣለች፤ እሱ ከአፋር በኩል በግመል የሚመጣውን የጨው ጆንያ ያወርዳል።

ሙላው ከአሥራ አንድ ወር በኋላ ከወልድያ እስር ቤት ተፈታ። ዘይኑዲን በእግሩ ቆቦን አልፎ ሮቢት ድረስ ሄደ። የሙላው ሚስት አስረሳሽ በር ላይ አየችውና "ደግሞ ማንን ልታሳይ መጣህ?" አለችው። ሙላው ከስቶ፣ ጸጉሩ ሸብቶ ወጣ። ዘይኑዲን ደሳለኝ ቢሮ ውስጥ የሰማውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረው። ሙላው ቆሞ ሰማ።

"እውነት ሊሆን ይችላል" አለ በመጨረሻ። "ውሸትም ሊሆን ይችላል። እስር ቤት ሆኜ እሱን ነበር የማወጣ የማወርደው። አሁን ደክሞኛል፣ ሂድ።"

በ1982 የመንግሥት ጦር ከቆቦ ሲለቅ ካድሬዎቹም አብረው ሄዱ፤ ደሳለኝ የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። ጽሕፈት ቤቱ ተከፍቶ ወረቀቱ መንገድ ላይ ተበተነ፤ በርበሬ ሻጮች ይጠቀልሉበት ጀመር። ከወረቀቱ መሐል የጆሮ ጠቢዎች ስም ዝርዝር ተገኘና አንድ አስተማሪ ገበያ መሐል ቆሞ ጮክ ብሎ አነበበው። ሠላሳ ስድስት ስም ነበር። የሻይ ቤቱ ባለቤት ስም አራተኛ ላይ ወጣ። ሰው ግን የሚጠብቀው ሌላ ስም ነበር፤ አስተማሪው ጨርሶ ወረቀቱን ሲያጥፍ "እንደገና አንብበው" አሉት። እንደገና አነበበው። የለም።

ታሂር ይህን ሊነግረው ዋጃ ድረስ መጣ። "ስምህ የለም፣ አልሃምዱሊላህ" አለው።

"እህሳ፣ ሰው ምን አለ?"

ታሂር አንገቱን ደፋ። "ትልቁ ሰው ከተራው ጋር አይጻፍም፤ የሱ ፋይል አዲስ አበባ ነው ያለው፣ አሉ።"

ዘይኑዲን ሳቀ። ጆንያው ላይ ተቀምጦ ጎኑን ይዞ ሳቀ። ታሂርም ሊስቅ ሞከረና አልሆነለትም፤ ኡሙሃኒ ብርጭቆ ማጠቧን ትታ ሁለቱን አየቻቸው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሙላው ራሱ ዋጃ ድረስ መጣ። አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥቶ ጨረሰ።

"ዝርዝሩን ሰምቼ አይደለም የመጣሁት" አለ። "ራህመትን የጎብዬ ገበያ ላይ አገኘኋት። የልጇ መቃብር በየትኛው ዛፍ ሥር እንደሆነ ከነገርካት ወዲህ እንቅልፍ ተኛሁ አለችኝ። ልጄ ቆንጅት በጥር ታገባለች። ና፣ ሰዉን አጫውትልኝ።"

"ሰው ይፈራኛል፣ ሙላው።"

"ይፍራ። መሳቅ የማይፈልግ አይስቅ። ለሙስሊሞቹ ለብቻ አሳርዳለሁ፣ ሚስትህንም ይዘህ ና።"

በጥር ሄዱ። ዳሱ በሰው ሞልቶ ነበር። ዘይኑዲን ሲነሳ አራት አምስት ሽማግሎች ሽመላቸውን አንስተው ወጡ፤ ሦስት ሴቶችም ልጆቻቸውን እየጎተቱ ተከተሏቸው። ዘይኑዲን እስኪወጡ ጠበቃቸው። የቀሩት እርስ በርስ እየተያዩ ነው። ሙላው ከሙሽሪት አጠገብ ሆኖ "በል እንጂ!" ብሎ ጮኸ።

ዘይኑዲን ጉሮሮውን ጠረገና በሠርግ ዕለት አህያው ስለጠፋበት አንድ የዞብል ሙሽራ ማውራት ጀመረ።